እርሾ ምን በልቶ ያድጋል?

አዲስ አበባ ውስጥ ዳቦ ሁለት ስም አለው። እቤት ተጋግሮ፣ ኮባ ለብሶ፣ በአውዳመት ተባርኮ ከተቆረሰ «ድፎ» ይባላል። ከዳቦ ቤት በፌስታል ከመጣ ደግሞ «ፉርኖ» ነው። ፉርኖ ከጣሊያንኛ የወረስነው ቃል ሲሆን ፍቺው ምድጃ ነው። ምድጃው ስሙን ለዳቦው አውርሶ አላበቃም፤ ነጩን የስንዴ ዱቄት ሳይቀር «የፉርኖ ዱቄት» እንለዋለን። ቦምቦሊኖውን ጨምሩበት። ፒያሳ ላይ ከሊጥ የሚሠራው ነገር ግማሹ የጣሊያን ስም ይዞ ይዞራል። እርሾ ግን እርሾ እንደተባለ ቀረ። የቆየ ነገር ነውና ስም አምጪ አላስፈለገውም።

ታዲያ ዛሬ ወደ አንዱ ሱቅ ጎራ ብላችሁ «እርሾ አለ?» ብትሉ ባለሱቁ የሚያቀብላችሁ ባብዛኛው ባሕር ተሻግሮ የመጣ እሽግ ነው። ስሙ የእኛ፣ ዕቃው የሰው። ይህ እንዴት ሆነ? መልሱን ለማግኘት «እርሾ ከየት መጣ?» ብሎ መጠየቅ ብዙ አይጠቅምም፤ እርሾ በየወይኑ ፍሬ ቆዳ፣ በየአበባው፣ በየጋኑ ግድግዳ ላይ አለ። ጠቃሚው ጥያቄ «ማን ምን አበላው?» የሚለው ነው። በጊዮርጊስና በአራዳ ዙሪያ የዳቦና የመጠጥ ታሪክ ሲገላበጥ ከሥሩ የሚገኘው የስኳር ታሪክ ነው፤ ማር፣ ዘቢብ፣ ሞላሰስ፣ የበሰበሰ ሙዝ። በቅደም ተከተል እንሂድ።

ጣፋጭ ወዳዱ ፍጡር

እርሾ ሕይወት አለው። ባለ አንድ ሕዋስ ፈንገስ ነው። ሆላንዳዊው ሊቨንሁክ እ.ኤ.አ. በ1680 በገዛ እጁ በሠራው አጉሊ መነጽር ቢራ ውስጥ ድቡልቡል ነገሮች አየ፤ ሕይወት ያላቸው መሆናቸውን ግን አልተረዳም። ነገሩ በሳይንስ እስኪረጋገጥ ድረስ ወደ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ፈጀ። ሊጥ የሚነፋው ዋናው ዝርያ ሳካሮማይሲስ ሰርቪሲየ ይባላል። የስሙ የመጀመሪያው ክፍል «የስኳር ፈንገስ» ማለት ነው። ስም አውጪው አልተሳሳተም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። እርሾ ዱቄት አይበላም! የዱቄት ስታርች ለእርሾ አፍ በጣም ትልቅ ነው። ዱቄት በውሃ ሲለወስ በራሱ በስንዴው ውስጥ ያሉ ኢንዛይሞች ስታርቹን እየቆራረጡ ማልቶስ ወደሚባል ስኳር ይለውጡታል፤ እርሾ የሚበላው ያንን ነው። ሊጥ ኩፍ እስኪል ሰዓታት የሚወስደው በከፊል ለዚህ ነው፤ ምግቡ ገና እየተሠራ ነዋ። ፍራፍሬ ላይ ግን ወጥ ሠሪ አያስፈልግም። ግሉኮስና ፍሩክቶስ የሚባሉት ስኳሮች ተዘጋጅተው ይጠብቁታል። ፍሩክቶስን «የፍራፍሬ ስኳር» የሚሉት ስሙ ራሱ ከፍሬ ስለመጣ ነው።

ሁለተኛው ቁም ነገር አየር ነው። ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1861 ያሳየው ነው። እርሾ አየር ሲያጣ ስኳሩን ወደ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጣል፤ ራሱ ግን እምብዛም አይራባም። አየር ሲያገኝ በተመሳሳይ ስኳር እጅግ ብዙ ልጆች ይወልዳል። በአጭሩ ክዳን የተዘጋበት እርሾ መጠጥ ይሠራል፣ አየር ያገኘ እርሾ ይዋለዳል። ይህችን ልዩነት ያዙልኝ፤ ከጠጅ ጋን እስከ ፋብሪካ ድረስ ትከተለናለች።

የአራዳ ማር

አሁን ወደ ሰፈራችን። ዛሬ ፒያሳ የምንለው ቦታ ከጣሊያን በፊት የአዲስ አበባ ዋና ገበያ ነበር። ገበያው የቆመው በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ነው። እህል፣ ቅቤ፣ አሞሌ ጨው፣ ጨርቅ፣ ጌሾ፣ ማር፤ ከየአቅጣጫው በአጋሰስ ተጭኖ የመጣው ሁሉ እዚያ ይራገፋል። «አራዳ» የሚለው ቃል ዛሬ «ነቄ» ማለት የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ያ ሁሉ ሻጭና ገዢ በተጋፋበት ቦታ የዋህ ሆኖ መኖር አይቻልም።

ከዚያ ሁሉ ሸቀጥ የእርሾን ልብ የሚሰርቀው ማር ነው። ከመቶው 38 እጅ ገደማ ፍሩክቶስ፣ 31 እጅ ገደማ ግሉኮስ። ማለትም ማር ንብ ከአበባ ለቅማ ያከማቸችው የፍራፍሬ ስኳር ነው። ቢሆንም ማር በማሰሮ ውስጥ ለዓመታት ቢቀመጥ አይፈላም። በጣም ወፍራም ስለሆነ ውስጡ የገባውን እርሾ ውሃውን መጥጦ ያደርቀዋል። ጠጅ ጣይዋ ታዲያ ምን ታደርጋለች? ትበርዘዋለች። አንድ ማር ለሦስት ውሃ፣ እንደየቤቱም ከዚያ በላይ። ያኔ ብርዝ ይሆናል፤ ብርዝ ደግሞ ለእርሾ ግብዣ ነው። ቀጥሎ ጌሾ ይገባል። ጌሾ የሚሰጠው መራራነት ብቻ አይደለም፤ መጠጡን የሚያበላሹ አንዳንድ ባክቴሪያዎችን ያዳክማል።

እርሾውን ማን ጨመረው? ማንም። ወይም ሁሉም። ጋኑ፣ ጌሾው፣ ማሩ ራሱ፣ ከባለፈው የተረፈው አምቡላ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከጠጅ የተገኙ እርሾዎችን ለይተው እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት ከሌሎቹ ዝርያዎች ሁሉ በብዛት የተገኘው ሳካሮማይሲስ ሰርቪሲየ ነበር። አዎ፣ ያው የዳቦው እርሾ! በሱቁ እሽግ ላይ በላቲን ፊደል የተጻፈው ዝርያ በየጠጅ ቤቱ በነፃ ይዋኛል።

ጠጅ ግን እርሾ ማራቢያ አይደለም። ጋኑ ይከደናል፣ አየር ያንሳል፣ ስኳሩ ወደ አልኮል ይሄዳል፣ እርሾውም በመጨረሻ በሠራው አልኮል ደክሞ ወደ ታች ይዘቅጣል። በብርሌ የምንቀዳው የድካሙን ውጤት ነው። ሠራተኛው እንደ አምቡላ ተደፍቶ ይቀራል። (ይህ በሌሎች መስኮችም የምናውቀው አሠራር ነው።)

ቤተልሔም

ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ የእርሾ ታሪክ በሌላ መልክ ይቀጥላል። ዛሬ የምናየው ባለ ስምንት ማዕዘን ሕንፃ ከአድዋ ድል በኋላ በምኒልክ ዘመን የተሠራ ነው። ንግሥት ዘውዲቱ በ1909፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1923 ዘውድ የጫኑበት ነው። ወራሪው ጦር በ1929 አቃጥሎት ከነፃነት በኋላ ታድሷል። እኛን የሚመለከተን ግን ዘውዱ ሳይሆን ቤተልሔሙ ነው። በየቤተ ክርስቲያኑ እንዳለው ሁሉ ከቤተ መቅደሱ በስተምሥራቅ የሚሠራው ትንሽ ቤት፣ ለቅዳሴ የሚሆነው ኅብስት የሚጋገርበት።

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ኅብስት የቦካ ነው። እርሾ ይገባበታል። በዚህ ከካቶሊኮቹ ቂጣ ይለያል። ወይኑ ደግሞ የሚዘጋጀው ከዘቢብ ነው። ዘቢቡ ይታጠባል፣ ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፣ ታሽቶ ይጠለላል። እንዲፈላ ጊዜ አይሰጠውም።

አሁን በዳቦ ጋጋሪ ዓይን እንየው። ዘቢብ ማለት ደረቅ ወይን ነው፤ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ ስኳር ነው፤ ቆዳው ላይ ደግሞ እርሾ አለ። በሌላው ዓለም የታወቀ አንድ ዘዴ አለ። ዘቢብ በንጹሕ ብርጭቆ ዕቃ ውስጥ በውሃ ይነከራል፣ በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ ይናጣል፣ በአራት በአምስት ቀን ይፈላል። ያ ውሃ ዱቄት ሲለወስበት እርሾ ይሆናል። የጣሊያኖቹን ፓኔቶኒ የሚያነሣው የቤት እርሾም አንዳንድ ጊዜ የሚጀመረው እንዲህ ከፍራፍሬ ነው። በእኛ ቤተልሔም ግን እርሾውም ዘቢቡም አንድ ጣራ ሥር አሉ፤ ሥርዓቱ ግን ለየብቻ ያኖራቸዋል። እርሾው ለሊጡ፣ ዘቢቡ ለጽዋው። ለዳቦ የሚሆነው እርሾ በፍሬ አይጀመርም፤ ከእርሾ ነው የሚወለደው። ከዛሬው ሊጥ ተቆርሶ ለነገ ይቀመጣል።

የድፎ ዳቦም ሥርዓት ያው ነው። እርሾ ይቀመጣል፣ ካለቀ ከጎረቤት ይመጣል። ዋናው ምስጢር ስንዴ የለመደ መሆኑ ነው። ፍራፍሬ የለመደ እርሾ ሊጥ ውስጥ ሲገባ ግር ይለዋል። ግሉኮስና ፍሩክቶስ እያለ የማልቶስ ኢንዛይሙን አያሠራም፤ እነዚያ ሲያልቁበት ደግሞ ማልቶስ መብላት እስኪጀምር ሰዓታት ይፈጅበታል። አንዳንዱ የዱር ዝርያ ጭራሽ አይችልም። ስለዚህ የዘቢብ እርሾ ጥሩ ዳቦ እስኪያነሣ ድረስ ለተከታታይ ቀናት ዱቄት እየተቀለበ መልመድ አለበት። እናቶቻችን ማልቶስ የሚለውን ቃል ሳይሰሙ እርሾን በዱቄት ያሳደጉት ለዚህ ጠቅሟቸዋል።

ፉርኖ መጣ

ከተማዋ ስታድግ ዳቦ የሚሸጥ ሰው መጣ። ግሪኮችና አርመኖች በአራዳ ዙሪያ ሱቅ፣ መጠጥ ቤት፣ ዳቦ ቤት ከፈቱ። በ1909 ባቡር ከጅቡቲ አዲስ አበባ ገባ። በ1915 የጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ ተመሠረተ፤ የሰፈራችንን ቅዱስ ስም በጠርሙስ ላይ ይዞ።

ቢራና ዳቦ በዓለም ታሪክ የቆዩ ጎረቤቶች ናቸው። የአውሮፓ ዳቦ ጋጋሪዎች ለዘመናት እርሾ የሚያመጡት ከቢራ ጠማቂ ነበር፤ ከላይ የሚንሳፈፈውን አረፋ ገፈው ሊጥ ላይ ያደርጉታል። በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ግን የመካከለኛው አውሮፓ ጠማቂዎች ቀዝቃዛ ወደሆነው ላገር ቢራ ዞሩ። የላገር እርሾ ከታች ይዘቅጣል፣ ለዳቦም ሰነፍ ነው። ጋጋሪዎቹ ጾማቸውን አደሩ! ከዚህ ጭንቀት የተወለደው በቪየና የተስፋፋው የእርሾ ኢንዱስትሪ ነው። እርሾን ለራሱ ብሎ ማራባት፣ አጥቦና ጨምቆ እንደ ሳሙና ቆርጦ መሸጥ። እ.ኤ.አ. በ1868 ፍላይሽማን የተባሉ ወንድማማቾች ይህንኑ በአሜሪካ ሲንሲናቲ ከተማ ጀመሩት። የእኛው ጊዮርጊስ ቢራ ላገር ነው። ማለትም አዲስ አበባ የደረሰው ቢራና ዳቦ ከተፋቱ በኋላ ነው።

ተጨምቆ የሚሸጠው እርሾ ደግሞ ቀዝቃዛ ቦታ ካላገኘ ቶሎ ይሞታል፤ ቀዝቃዛ ቦታም አግኝቶ ከጥቂት ሳምንታት አያልፍም። መርከብ፣ የጅቡቲ ሙቀት፣ ከዚያ ባቡር! ለእንዲህ ዓይነቱ ዕቃ የማይመች መንገድ ነው። በዚያ ዘመን በየትም አገር እርሾ የማይደርስለት ጋጋሪ ሁሉ የሚያውቀው መላ አንድ ነው፤ የትናንቱን ሊጥ አስቀርቶ ለዛሬው መጠቀም። ይህ እንግዲህ ከእርሾ ማሰሮአችን በምንም አይለይም።

በ1928 ጣሊያን ገባ። አገዛዙ ነጩንና ጥቁሩን ለመለየት ከተማዋን በዘር ከፋፈለ። የአራዳን ገበያ ከጊዮርጊስ ነቅሎ ወደ ምዕራብ ወሰደው፤ መርካቶ የሚባለው ስም የመጣው ከዚያ ነው። በቦታው «ፒያሳ» ቀረ፤ አደባባይ። ማሩና ጌሾው ሄደ፣ ፉርኖውና ኬኩ ገባ። በ1933 ጣሊያን እንደ መንግሥት ተሸንፎ ወጣ። ጋጋሪና ኬክ ሠሪ የነበሩ ጥቂት ጣሊያኖች ግን ቀሩ፤ ኤንሪኮን የመሰሉ ስሞች ለአስርተ ዓመታት ፒያሳን ያጣፈጡት ከዚያ በኋላ ነው። የሰፈሩ ሰውም ሙያውን ተማረ። ፉርኖ የከተሜ ቁርስ ሆነ።

ወንጂ የሰጠንና ያልሰጠን

ዓለም በዚህ መካከል የእርሾን ቀለብ ቀይሯል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጀርመን እህል አጠራት። እህል ለእርሾ ማብላት ቅንጦት ሆነ። ስለዚህ ወደ ሞላሰስ ዞሩ፤ ስኳር ከተጣራ በኋላ የሚተርፈው ያ ጥቁር ዝልግልግ ነገር። ግማሹ ገና ስኳር ነው፤ ስኳር ሆኖ ለመጥራት ግን እምቢ ያለ። ናይትሮጅን ስለሚያንሰው የአሞኒያ ጨው ጨመሩበት። ቀጥሎ፣ በ1919 እ.ኤ.አ. አካባቢ፣ በዴንማርክና በጀርመን አንድ ትልቅ ዘዴ ተገኘ። ስኳሩን በአንድ ጊዜ አታፍስሱበት፤ በጠብታ አብሉት፣ ከሥር አየር ንፉበት። ምክንያቱም እርሾ ስኳር በአንዴ ሲበዛበት አየር እያለውም አልኮል መሥራት ይጀምራል። ድግስ ሲበዛ የሚሰክር ሰው ማለት ነው። በልክ ሲቀለብ ግን ይዋለዳል።

እዚህ ጋ የፍራፍሬው ስኳር ተመልሶ ይመጣል። የሞላሰስ ዋናው ስኳር ሱክሮስ ነው። እርሾ ሱክሮስን እንዳለ አይውጠውም፤ ኢንቨርቴዝ በሚባል ኢንዛይም ለሁለት ይሰነጥቀዋል። ሲሰነጠቅ ምን ይሆናል? ግሉኮስና ፍሩክቶስ! ያው ማር ውስጥ ያሉት፣ ያው ዘቢብ ውስጥ ያሉት ሁለቱ። የዘመኑ ትልቁ የእርሾ ፋብሪካም ቢሆን በመጨረሻ ለእርሾው የሚያጎርሰው ጠጅ ጣይዋ የምታጎርሰውን ነው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለአሜሪካ ጦር ተብሎ ደረቅ እርሾ ተሠራ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ደግሞ ሳይሟሟ በቀጥታ ዱቄት ላይ የሚበተነው ፈጣኑ ደረቅ እርሾ መጣ። ማቀዝቀዣ አይጠይቅም፣ መርከብ አይፈራም። ያ ሁሉ የጅቡቲ ችግር ቀረ። እሽጉ አዲስ አበባ ገባ፤ የትናንቱን ሊጥ ማስቀመጥም ከየዳቦ ቤቱ እየወጣ ሄደ። ለጋጋሪው ትክክለኛ ውሳኔ ነበር። እሽጉ ዕለት ዕለት አንድ ዓይነት ነው፣ ፈጣን ነው፣ አይኮመጥጥም። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነሥቶ ለአሥራ ሁለት ሰዓት ቁርስ ዳቦ ማድረስ ያለበትን ሰው «ለምን የእናትህን እርሾ ተውክ?» ብሎ መውቀስ ግፍ ነው።

ጥያቄው ያለው ሌላ ቦታ ነው። በ1946 ወንጂ ላይ የሆላንዱ ኩባንያ ኤች ቪ ኤ የመጀመሪያውን ስኳር አመረተ። ሸዋ፣ መተሐራ፣ ፊንጫ ተከተሉ። ስኳር ባለበት ሞላሰስ አለ። የእርሾ ዋናው ጥሬ ዕቃ አገር ውስጥ መፍሰስ ከጀመረ ከ70 ዓመት በላይ ሆነው ማለት ነው። ሞላሰሱ ምን ሆነ? ከብት በላው፤ አልኮል ሆነ። በ2001 ደግሞ ከፊንጫ የመጣ ኢታኖል በአዲስ አበባ ቤንዚን ላይ 5 በመቶ ይቀላቀል ጀመር። አስቡት፤ ያልወለድነው እርሾ ቀለብ ታክሲ ነዳ!

በቀልዱ ውስጥ ያለው ቁም ነገር መራራ ነው። የዳቦ ዋጋ ሲነሣ የምናወራው ስለ ስንዴ ነው፤ ልክም ነው፣ ትልቁ ወጪ እሱ ነው። ሰኔ 2012 ሸገር ዳቦ ፋብሪካ በቀን 2 ሚሊዮን ዳቦ የመጋገር አቅም ይዞ ሲመረቅም ወሬው ስንዴና ሰልፍ ነበር። እርሾ በሚዛን ትንሽ ናት። ግን ያለ እሷ 2 ሚሊዮኑ ዳቦ 2 ሚሊዮን ቂጣ ነው። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ገበያው ተለቆ ብር ሲወርድ ከውጭ የሚገባ ነገር ሁሉ ተወደደ፤ እሽጓም ከዚያ አታመልጥም። ጎረቤት እርሾ ሲያበድር ወለድ የለውም፤ ዶላር ግን አለው።

አትክልት ተራ

ከጊዮርጊስ ትንሽ ወረድ ብሎ ለብዙ ዓመታት የከተማዋ የአትክልትና ፍራፍሬ ገበያ ነበር። የአርባ ምንጭ ሙዝ፣ የአሶሳ ማንጎ፣ ብርቱካን፣ ፓፓያ፣ አናናስ። የፒያሳ ጁስ ቤቶች ስፕሪስ ከዚያ ይቀዳ ነበር። በእግሩ ያለፈ ሰው ሽታውን ያስታውሳል፤ ጣፋጭ፣ ጎምዘዝ ያለ፣ ወደ ጠላ የሚያደላ። ያ ሽታ ተራ ብስባሽ አይደለም። ተጨፍልቆ የተጣለ ሙዝ ላይ የዱር እርሾ ሥራ ላይ ነበር። አትክልት ተራ ጣራ የሌለው የእርሾ ፋብሪካ ነበር፤ ባለቤት ያጣ።

የበሰለ ሙዝ ከመቶው 12 እጅ ያህል፣ ማንጎ 14 እጅ ያህል፣ ብርቱካን 9 እጅ ያህል ስኳር ነው። ሙዝ ቆዳው ሲጠቁር ገዢ ይጠፋል፤ ለእርሾ ግን ምርጡ ሰዓት ያኔ ነው፣ ስታርቹ ወደ ስኳር ተለውጦ አልቋልና። በተለያዩ አገሮች የፍራፍሬ ተረፈ ምርት ጭማቂ ላይ የዳቦ እርሾ ማሳደግ ተሞክሯል፣ ይሠራልም። በእኛም አገር የብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ከአገር ውስጥ ፍራፍሬዎች ላይ እርሾ ለይተው ለዳቦ ያለውን አቅም መርምረዋል፤ ጥናታቸው እ.ኤ.አ. በ2018 ታትሟል። ማለትም ዝርያውም አለ፣ ሙያውም አለ፣ ቀለቡም አለ።

ሁሉ ነገር አልጋ በአልጋ ነው ማለት አይደለም። የፍራፍሬ ጭማቂ ናይትሮጅን ያንሰዋል። ስኳር ብቻ የሚበላ እርሾ ከረሜላ ብቻ እንደሚበላ ልጅ ነው፤ ይፈነጥዛል፣ አያድግም። ፍሬው በየቀኑ ይለያያል፣ ይሻግታል፣ መሰብሰቡም ገንዘብ ነው። ሞላሰስ በቦቴ ከአንድ በር ይጫናል፤ የበሰበሰ ማንጎ ግን ከሺህ መደብ ይለቀማል። ለትልቅ ፋብሪካ ሞላሰስ ያዋጣል። ፍራፍሬው የሚያዋጣው ለትንሹ ነው፤ ለአንድ ዳቦ ቤት፣ ለአንድ ማኅበር፣ ለአንድ ኮሌጅ ቤተ ሙከራ።

የ2012 ሚያዝያን አስታውሱ። ኮሮና ገብቶ የዓለም ከተሞች ሲዘጉ በለንደንና በኒውዮርክ ሱቆች እርሾ አለቀ። ሰዉ ዘቢብና የፖም ልጣጭ ውሃ ውስጥ እየነከረ እርሾ መሥራት ጀመረ፤ ፎቶ እያነሣም ይለጥፍ ነበር። በዚያው ሰሞን አትክልት ተራ መጨናነቅ ይቀንስ ተብሎ ወደ ጃንሜዳ ተዛወረ። በቀጣዩ ዓመት ጥምቀት ሲደርስ ከጃንሜዳም ተነሥቶ ወደ ላፍቶ ሄደ። ሌላው ዓለም ከፍራፍሬ እርሾ ለማውጣት በሚታገልበት ወር እኛ ገበያውን ከነሽታው ጭነን ወሰድነው። የገበያ መነቀል ለጊዮርጊስ ሁለተኛው ነበር፤ የመጀመሪያው ከማሩ ጋር ሄደ፣ ሁለተኛው ከሙዙ ጋር።

የቀረው

በ2016 የኮሪደር ልማት ሲመጣ ደግሞ ነዋሪው ሄደ። ዶሮ ማነቂያና በዙሪያው የነበሩ ቤቶች ፈርሰው ሰዉ ወደ ከተማዋ ዳርቻዎች ተበተነ። የድሮ ቤት ጭቃና ቆርቆሮ ነው፤ ያ ሁሉ ይቆይ ነበር የሚል ክርክር ውስጥ አልገባም። ግን አንድ ነገር በካርታ ላይ አይታይም። እርሾ በአጥር በኩል የሚተላለፍ ነገር ነው። ከእትዬ እገሊት የተወሰደ እርሾ ለሌላው ቤት ተሰጥቶ፣ የእሷ ሲበላሽባት ከዚያው ቤት ይመለስላታል። ሰፈር ማለት ለእርሾ የመጠባበቂያ ካዝና ነው። ኮንዶሚኒየም ስድስተኛ ፎቅ ላይ በሯን ዘግታ የምትኖር ልጅ እርሾ ሲያልቅባት የምትሄደው ወደ ሱቅ ነው። እንጀራው ገና ይዞናል፤ የጤፍ እርሾ ከቡኮ ወደ ቡኮ ይተላለፋል። የዳቦው ግን በየቤቱ እየሞተ ነው፣ ያውም ያለ ለቅሶ።

ይህን ለማዳን አዋጅ አያስፈልግም። ከአያቶቻችሁ ቤት የድፎ እርሾ ካለ አንድ ጭልፋ አምጡና ቀልቡት። ከሌለ ዘቢብ ግዙ፤ ነጣ ያለውን ሳይሆን ጥቁሩን፣ ነጣ ያለው ብዙ ጊዜ በድኝ ጢስ ስለሚታከም እርሾው ሞቷል። አንድ እፍኝ በንጹሕ ዕቃ ውስጥ ንከሩ፣ ክዳኑን አታጥብቁ፣ አለዚያ ጋዙ ጉድ ይሠራችኋል። አዲስ አበባ 2400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ሌሊቱ ስለሚበርድ አንድ ሁለት ቀን ይዘገይ ይሆናል፣ የአየሩ ግፊት ትንሽ ስለሆነ ግን ሊጡ መነሣት ሲጀምር ይፈጥናል። ከሻገተ ድፉት። ከፈላ ውሃውን በዱቄት ለውሱ፣ ለአንድ ሳምንት ያህል በየቀኑ ዱቄት እያበላችሁ ስንዴ አስለምዱት። ከዚያ ጋግሩ። ከዚያ ደግሞ ዋናው ነገር፤ ለጎረቤት ስጡ። እርሾ አንድ ቦታ ብቻ ከተቀመጠ አንድ ቀን የረሳችሁት ጊዜ ያልቅለታል።

የትልቁ ፋብሪካ ጉዳይ የባለሀብትና የመንግሥት ነው፤ ሞላሰሱን እያየን እርሾ በዶላር የምንገዛበት ምክንያት ምን እንደሆነ ግን በየመድረኩ መጠየቅ የእኛ ነው። ጠጅ ጣይዋ፣ የቤተልሔሙ ጋጋሪና የፒያሳው ዳቦ ቤት መቶ ዓመት ሙሉ አንድ ፍጡር ሲቀልቡ ኖረዋል። ፍጡሩ አሁንም እዚሁ አለ፤ ረሃቡም እንዳለ ነው።

ቸር እንሰንብት።